ጋዙን ማን ላከው?

«ሌባ ባዶ እጁን አይመጣም። መጀመሪያ ይሰጣል» አለችኝ እትዬ ማልሱን፣ ኦይስተር የተባለውን የባህር ዛጎል ቅርፊት በአጭር ቢላዋዋ ፈልቅቃ ሥጋውን ወደ ባልዲው እየጣለች። «አንቺ ደግሞ ተቀበልሽ። ከተቀበልሽ በሩን ከፈትሽለት ማለት ነው።»

«አልተቀበልኩም። ራሱ ነው የገባው።»

«ራሱ! ውሻም በሩ ክፍት ከሆነ ራሱ ነው የሚገባው።»

ሐሙስ ጠዋት ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ሠላሳ የምንሆን ሴቶች ከረጅሙ ገበታ ግራና ቀኝ ቆመን እንፈለቅቃለን። ሬዲዮው የድሮ ዘፈን ያንቋርራል፣ ከወለሉ የሚነሣው የባህር ውኃ ቅዝቃዜ በቦቲያችን ውስጥ እስከ ጉልበታችን ይወጣል። እኔ ጆሮዬ ከዘፈኑ ጋር አልነበረም። ስልኬን በላስቲክ ቋጥሬ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ በየአሥር ደቂቃው የቀኝ እጄን ጓንት አውልቄ አየዋለሁ። የሚያሳየኝ ያንኑ ነው፦ «በመጠባበቅ ላይ»።

ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ በመጠባበቅ ላይ።

ስሜ ኦክቡን ነው፤ ግን በቶንግዮንግ ወደብ በስሜ የሚጠራኝ የለም፣ የዳሶል እናት ነኝ። ባሌን ባህር ከወሰደው ስምንት ዓመት አልፎታል። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ጭንቀቴ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተመረቀ ይመስለኛል። ልጄ ዳሶል ቡሳን ከተማ ትሠራለች፣ በግንቦት ልትዳር ነው። የወንዱ ወገን ቤቱን ሲያዘጋጅ የሴቷ ወገን የቤቱን ዕቃ ታሟላለች፤ ይህን የማታሟላ እናት ልጇን በአማቶቿ ፊት ዕድሜ ልኳን አንገት ታስደፋለች። ለዚያ ብዬ ስንት ክረምት ቆሜ ያጠራቀምኩትን ባለፈው ዓመት ፓዶ ወደሚባል ዲጂታል ሳንቲም ለወጥኩት። መጋዘናችን ውስጥ ያልገዛ የለም። ሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ገዙ። እኔ ሁሉንም አስገባሁ። ለዳሶል አልነገርኳትም።

አሁን የፓዶ ሰዎች አሮጌውን ሳንቲም በአዲስ እንተካለን አሉ። እያንዳንዱ ሰው በስልኩ ዋሌት፣ ማለት በሳንቲሙ ቦርሳ፣ ገብቶ እስከ አርብ እኩለ ቀን ካልለወጠ፣ አሮጌው ዋጋ የለውም። አርብ ማለት ነገ ነው።

ለመለወጥ ደግሞ ጋዝ ያስፈልጋል። የምድጃ ጋዝ አይደለም፤ በዚያ ዓለም አንድ ነገር ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ የሚከፈል የመንገድ ዋጋ ነው፣ የሚከፈለውም በፓዶ ሳይሆን በሌላ ሳንቲም ነው። እኔ ያ ሌላው ሳንቲም አልነበረኝም። ሰኞ ዕለት ዋሌቴን ስከፍት ግን ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ላኪው ስም የለውም፤ ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት ረጅም ጭራ ብቻ። ደግሞ ለአንድ ጊዜ ከሚበቃው ሦስት እጥፍ ነው። ለማያውቃት መበለት ያለ ምክንያት ሦስት እጥፍ የሚሰጥ ማን ነው?

«ማነው ይሄን ያስተማረሽ?» እትዬ ማልሱን እያወቀች ጠየቀችኝ።

«መምህር ዩንሲክ።»

«አሃ። ያ ድምፀ ለስላሳው።»

ማ ዩንሲክ ከጀልባው ጣቢያ ፊት ለፊት ስልክ ይጠግናል። ማክሰኞ ማክሰኞ በቀበሌው አዳራሽ ለእኛ ለእድሜ ባለጸጎቹ የስልክ አጠቃቀም ስለሚያስተምር መምህር እንለዋለን። ከሴኡል ነው የመጣው። ትልቅ ባንክ ውስጥ፣ ከኮምፒዩተሮቹ ጋር ሠላሳ ዓመት ሠርቷል ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ፈልጎ እዚህ መጣ? ግማሹ ሰው ሚስቱ ሞታበት ነው ይላል፤ ግማሹ የሰው ገንዘብ ነክቶ ነው ይላል። እኔ ሁለተኛውን አመንኩ። ሁለት ወሬ ሲመጣልኝ የማምነው ሁልጊዜ የከፋውን ነው።

ቢሆንም እሄድ ነበር። ባለፈው ክረምት ስልኬን ሲመልስልኝ ጣቶቻችን ተነካኩና እጄን ከኋላዬ ደበቅኩት። የእሱ ጥፍር ንጹሕ ነው፣ የእኔ እጅ ደግሞ በጠባሳ ተዥጎርጉሯል። «ቢላዋው ነው?» አለኝ። «ቅርፊቱ ነው» አልኩት። ዓይኑን ፊቴ ላይ ትንሽ አቆየው። ከዚያ ቀን በኋላ ስልኬ ሳይበላሽ ይበላሽ ጀመር።

አንድ ቀን ዋሌቴን ወደ አዲስ ስልክ ስናዛውር አሥራ ሁለቱን የሚስጥር ቃላት ከወረቀቴ ላይ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እነዚያን ቃላት የያዘ ሰው ዋሌቱን ያዘ ማለት ነው። ዩንሲክ ብድግ ብሎ ሁለት ጆሮውን በጣቶቹ ደፈነና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለማንም አይንገሩ! ለእኔም ጭምር!» አለ፣ ለግድግዳው። ያን ቀን ስስቅ ዋልኩ። ሐሙስ ጠዋት ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ብልህ ሌባስ እንዲህ አይደል የሚያደርገው? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

«ማክሰኞ ዕለት ምን አስነካሽ?» አለች ማልሱን።

«መጀመሪያ 'እፈቅዳለሁ' የሚለውን እሱ ጋ ሆኜ ነካሁ። ከዚያ የሥራ ደወል ተደወለ። 'ሁለተኛውን ማታ ቤትዎ ሆነው በእርጋታ ይንኩት፤ የቀረበልዎትን ተቀብለው አዎ ማለት ብቻ ነው' አለኝ። ማታ የጠየቀኝን የመንገድ ዋጋ እንደ ወጉ ቀነስ አደረግኩና 'ለውጥ' የሚለውን ነካሁ። ምንም የለም። ረቡዕ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ምንም የለም።»

እትዬ ማልሱን ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሃያ ዓመት አብሬያት ስሠራ፣ በሥራ ሰዓት ቢላዋዋን ስታስቀምጥ ያየኋት የባሌ ጀልባ ባዶዋን ተጎትታ የገባች ቀን ብቻ ነው።

«እፈቅዳለሁ አልሽ? በአፍሽ?»

«በጣቴ።»

«የእህቴ ልጅ የተበላው በዚያች ቃል ነው! መጀመሪያ ትንሽ ሳንቲም ይልኩልሻል። ከዚያ ፍቀጂ ይሉሻል። ከዚያ ጠብቂ ይሉሻል። ስትጠብቂ ስትጠብቂ ሙልጭ!» እጇን በገበታው ላይ ጠረገችው፤ ቅርፊቶቹ ተንኮሻኮሹ።

ሙልጭ የምትለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፣ እስከ ምሳ ሰዓትም አልወጣችም።

*

ሱቁ ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም አይሰፋም። ገብቼ ስቆም ዩንሲክ የማጉያ መነጽር በአንድ ዓይኑ ላይ አድርጎ የአንዱን ስልክ ሆድ ዕቃ ይነካካል። ከበሩ አጠገብ የትኬት ሻጯና አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ተራ ይጠብቃሉ። ቀና ሲል እኔ መሆኔን አየና ፊቱ በራ። ያ ብርሃን እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ብቻ የሚበራ ይመስለኝ ነበር።

«የዳሶል እናት! ተለወጠልዎት?»

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፣ መምህር። ዋሌቴ ውስጥ ያለውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። «አልገባኝም።»

«ሰኞ የገባው ጋዝ ከማን ነው?»

 የትኬት ሻጯን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየ።

«እዚህ... ሰው ፊት ባንነጋገር ይሻላል።»

«ሰው ፊት የማይነገር ነገር ነው?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ!» ድምፄ ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። «እፈቅዳለሁ ያስባሉኝም ለእኔ ብለው ነው? ሁለት ሌሊት 'በመጠባበቅ ላይ' እያየሁ የማድረውም ለእኔ ተብሎ ነው? የልጄ ትዳር ነው እዚያ ውስጥ ያለው! ያውቁ ነበር፣ ነግሬዎታለሁ፣ ከሰው ሁሉ ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት!»

«ይስሙኝ፣ ስልኩን ልየውና—»

«አይነኩትም!» ስልኬን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። «ከሴኡልም የተባረሩት በዚሁ ነው ይላሉ። ሌባ!»

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ፤ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚያወልቀው። ዩንሲክ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ ገበታው ላይ አስቀመጠ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። ጮኾ ቢሆን ቀለል ይለኝ ነበር።

«ነገ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል» አለኝ በዝግታ። «ስለ እኔ የፈለጉትን ይበሉ፣ ጊዜው ግን አይለፍዎት። የሚያምኑት ሰው ይፈልጉና ያሳዩት።»

ወጣሁ። የሚያምኑት ሰው ማለቱ መንገዱን ሙሉ ተከተለኝ። ከወደቡ ጫፍ እስከ ጫፍ የማውቀውን ሰው ሁሉ በሐሳቤ ጠራሁ። ከአንዱ በቀር ማንም አልመጣልኝም፤ እሱንም አሁን ሌባ ብዬው ወጥቻለሁ።

*

አመሻሽ ላይ ዳሶል ደወለች።

«እማዬ፣ ፍሪጁን አየሁት። ባለ ሁለት በሩን። ነጩ ይሻላል ግራጫው?»

«የወደድሽውን።»

«የወደድሽውን? አንቺ? ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ግራጫ አቧራ ያሳያል፣ ሁለት በር ቶሎ ይበላሻል ሳትዪ? ምን ሆነሻል?»

«ደክሞኝ ነው።»

 «እትዬ ማልሱን ደውላልኝ ነበር። ያ ስልክ ጠጋኝ ጋ ትመላለሻለሽ አሉ። እማዬ፣ የባንክ ደብተርሽን እንዳታሳዪው።»

«በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ምኔን ይሰርቀኛል ብለሽ ነው?»

«እሱን አይደለም የምፈራው። ሰሞኑን ስትስቂ ሰማሁሽ። ደስ ሲልሽ ነው የሚያስፈራኝ።»

«እንዲህ ያለ ነገር ከማን ተማርሽ?»

«ካንቺ ነዋ!»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ስስቅ ያደረግኩት ፊት እንዳለ ቀረ። እንዴት እንደሚወርድ ጠፋኝ።

በነጋታው ጠዋት በሬ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የጥገና ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ጽሕፈቱን አወቅሁት።

«ለተከበሩ የዳሶል እናት፣

ጋዙን የላክሁት እኔ ነኝ። ብነግርዎት እንደሚመልሱት አውቅ ነበር። ትናንት ደግሞ ሰው ፊት ተናግሬ ቢሆን ወደቡ ሁሉ ከብቸኛ ወንድ ገንዘብ ትቀበላለች ብሎ ያወራብዎት ነበር። በድብቅ የሚሰጥ ሰው ግን በድብቅ ከሚወስድ በምን ይለያል? ጥፋቱ የእኔ ነው። አብዝቼ የላክሁት በመጨረሻው ቀን ሁሉም ሲጣደፍ መንገዱ እንደሚወደድ ገምቼ ነው። ለምን እንደቆመብዎት ግን ሳላየው ማወቅ አልችልም። እናቴን ስላመማት በመጀመሪያው ጀልባ ወደ ሃንሳን ደሴት ሄጃለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ቢሆን ዝም ብለው አይመኑት። ያጣሩ።

ዩንሲክ»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህንንም ደብዳቤ አይመኑት ብሎ የሚጽፍ ምን ዓይነት ሌባ ነው? የባሰው ዓይነት፣ አልኩ ለራሴ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ላጣራ ብዬ በስልኬ የፓዶ ባለቤቶች የሚያወሩበት መድረክ ውስጥ ገባሁና ለውጡ እንደቆመብኝ ጻፍኩ።

አንድ ደቂቃ አልሞላም። ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ደረቷ ላይ የስም ካርድ ያላት ልጅ ፎቶ ያለበት መልእክት መጣልኝ። «እናታችን፣ አይጨነቁ። የፓዶ ድጋፍ ክፍል ነኝ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንፈታልዎታለን።» አንዲት ፊደል እንኳ አልተሳሳተችም። ዕድሜዋ የዳሶልን ይመስላል። ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዕንባዬ መጣ።

«አሁን ዋሌትዎን ከእኛ ጋር ለማገናኘት አሥራ ሁለቱን ቃላት እዚህ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

እኔ፣ የጎረቤት ድመት እንኳ በክፉ ዓይን ታየኛለች የምለው ሴት፣ ይህችን ልጅ ለቅጽበት አልጠረጠርኳትም። ወረቀቱን ከሩዝ ማሰሮው ሥር አወጣሁ። መነጽሬን አደረግኩ። አንድ በአንድ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። አምስት። ዘጠኝ።

ዘጠነኛው ላይ ሌላ መልእክት ብቅ አለ፦ «እናታችን፣ ይፍጠኑ፣ ጊዜ የለንም።»

ጣቴ ቆመ። ብልህነት አልነበረም ያቆመኝ፤ አንድ ማጅራት ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ፣ ሁለት ጆሮውን በጣቶቹ የደፈነ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ማጅራት። ዓመት ሙሉ ቢጠይቀኝ ኖሮ እሰጠው ነበር። በማንኛውም ማክሰኞ። ጠይቆኝ አያውቅም። ይህች ልጅ ግን ካወቀችኝ አምስት ደቂቃዋ ነው።

ዘጠኙን ቃላት አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። አንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ እነካለሁ፣ ሳላስበው 'ላክ' የሚለውን እንዳልነካ ትንፋሼን ይዤ። ሲያልቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የፈራሁት ሰው ሲጠብቀኝ፣ ያመንኩት ሰው ሊበላኝ ነበር። ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ጥርጣሬዬ ራሱ አቅጣጫ የማያውቅ መሆኑ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ በእሱ ስመራ ኖሬ።

*

የሦስት ሰዓቱን ጀልባ ያዝኩ። ሃንሳን ደሴት ስደርስ ለእኩለ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቶት ነበር። የዩንሲክን እናት ቤት ጠይቄ ከግንቡ በላይ ያለውን ዳገት በሩጫ ወጣሁት።

ዩንሲክ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እናቱን ገንፎ በማንኪያ ያጎርሳል። አሮጊቷ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ትከፍታለች። እኔን ሲያይ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ስልኩን ላሳይዎት ነው የመጣሁት» አልኩ እያለከለክሁ።

«ለሌባ?»

ቂም ነበረበት። ትንሽ ብቻ፤ ግን ነበረበት። ይገባኛል።

«ለሌባ» አልኩ። «ሌላ ሰው የለኝም።»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ስልኩን ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም። እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ጎንበስ አለ። «እርስዎ ይያዙት። እኔ ከዚህ አያለሁ።» እጁን ከእኔ ንብረት ሲያርቅ ማየት በጥፊ ከመመታት ይብሳል።

«ወደ ታች ይውረዱ። መጀመሪያ የላኩትን፣ የማክሰኞ ማታውን። ይክፈቱት።» ከፈትኩት። ዓይኑን አጠበበ። «ይህን የጋዝ ዋጋ ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ዋሌቱ ያቀረበልዎት ይህን ነበር?»

«አይ፣ እሱማ ብዙ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ ግማሹን ያልኩት።»

«ግማሹን?»

«ታዲያስ! መጀመሪያ የተጠራ ዋጋ የሚከፍል ማን ነው? ዓሣ ተራ ውስጥ የተጠሩትን ዝም ብለው ቢከፍሉ ሻጩ ራሱ ይታዘብዎታል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «የዳሶል እናት... ተከራከሩት?»

«ትንሽ።»

«ረቡዕም?»

«ረቡዕ ደግሞ ሲሶውን አልኩት፤ ተናድጄ ነበር።»

ያኔ ሳቀ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ዕንባው እስኪወርድ። አሮጊቷ እናቱም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራው ሳቀች። እኔ ግን ቆሜ ተጠራጠርኩ። በእኔ ነው የሚስቀው? በድንቁርናዬ? ሴኡል ላሉት ወዳጆቹ ሊያወራው ነው?

«ይቅርታ» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። «ማንም አልያዘብዎትም። ያቺ የመጀመሪያዋ በርካሽ ዋጋ ወረፋ ላይ ቆማ የሚያሳልፋት አጣች። ሌሎቹ ደግሞ የሚሄዱት በተራ ነው፤ እሷ ካላለፈች አያልፉም። ጠባብ መንገድ ላይ እንደቆመ ጋሪ ነው። መግፋት ያለብን የመጀመሪያዋን ነው። 'አፍጥን' የሚል አለ፣ አዩት?»

ነካሁት። አዲስ ዋጋ ጠየቀኝ፤ ከማክሰኞው እጥፍ። ጣቴ በራሱ ጊዜ ወደ 'ቀንስ' ሄደ። ዩንሲክ ጉሮሮውን ጠረገ። ጣቴን መለስኩ። 'አዎ' አልኩ።

በመጠባበቅ ላይ።

በዚያች ጊዜ ያላየሁት መዓት የለም። የሠርግ አዳራሹን አየሁ፤ ባዶ ቤት አየሁ፣ ፍሪጅ የሚቆምበት ቦታ ላይ ምንም ሳይኖር፤ ዳሶል በአማቷ ፊት አቀርቅራ አየኋት። ዩንሲክ ትንፋሹን እንደያዘ ከጎኔ ቆሟል። ከባህሩ የሚመጣው ነፋስ የልብሱን እጅጌ ወደ እጅጌዬ ይገፋዋል።

ከዚያ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። «ተጠናቋል።» አዲሱ ፓዶ፣ ከነሙሉው፣ በእኔ ስም።

«ከኋላ የቆሙት ሁለቱ መጥተው የሚለውጡት ሲያጡ ትንሽ ጋዝ በልተው ይመለሳሉ። ከእንግዲህ አያስፈሩዎት» አለኝ።

«'እፈቅዳለሁ' ያልኩትስ?» አልኩ። አሁንም መጠየቄን አልተውኩም።

«የፈቀዱት ለመለወጫው እንጂ ለእኔ አይደለም። ቢሆንም እንሰርዘው። እንዲህ ያለ በር ክፍት አይተውም።» አሳየኝ፣ ሰረዝኩት። ከዚያ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። የመጣሁበት አልቋል፤ እግሬ ግን አልነቃነቅ አለ።

«ሴኡልን ለምን ተዉ?»

ወደ እናቱ ዞረ። ብርድ ልብሷን ከትከሻዋ ላይ አስተካከለላት። «ሚስቴ ሞተች። በዓመቱ እናቴ ሰው መርሳት ጀመረች፤ መጀመሪያ ጎረቤቶቿን፣ ከዚያ እህቶቿን። ስሜን ሳትረሳው ልድረስ ብዬ መጣሁ።»

ወደቡ ሁሉ ሁለት ወሬ ነበረው፤ እኔ የቱን እንደመረጥኩ አስቡት።

«ትናንት ታዲያ ለምን አልተከላከሉም? አንድ ቃል! 'ሌባ አይደለሁም' ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ሌባስ ቢሆን ምን ይላል?» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት? ሌብነት ባይሆንም የደበቅሁት ነገር ነበረኝ። ተይዤ ነበር። ጋዙን የላክሁ ዕለት፣ ያቺን ጢንጥዬ ሳንቲም፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እያሰብኩ ቆየሁ። ባንክ ውስጥ የስንቱን ሀብት ሳስተላልፍ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ለእርስዎ ስልክ ግን ተንቀጠቀጠ። ለምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ ሰው ፊት ምን እል ነበር?»

«አሁን ሰው የለም» አልኩ። ድምፄ የራሴ አይመስልም ነበር።

«እናቴ አለች።»

አሮጊቷ ለካ ስታየኝ ቆይታለች። የገንፎውን ሳህን በሁለት እጇ አንሥታ ሰጠችኝ፣ ተቀበልኳት፣ ቦቲዎቼን ከበረንዳው ሥር አውልቄ ተቀመጥኩ። አንድ ማንኪያ ጎረስኩ። ጨው የበዛበት መሰለኝ፤ ኋላ ነው ዕንባዬ መሆኑን ያወቅሁት።

«አንቺ ሴትዮ፣ የማን ነሽ?» አለችኝ።

ዩንሲክ ቶሎ ብሎ፣ «ደንበኛ ናት፣ እማዬ» አለ።

«ደንበኛ?» አሮጊቷ አገጬን በደረቁ ጣቶቿ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ደንበኛ እያለቀሰ ገንፎ ይበላል እንዴ?»

እኔ ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ። 

ከዳገቱ ሥር የመመለሻው ጀልባ ጮኸ። ዩንሲክ ደንገጥ ብሎ ተነሣ። «ይድረሱበት። ቀጣዩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ደግሞ ሥራ ቀርተዋል...» ከበረንዳው ወርዶ ያወለቅኋቸውን ቦቲዎች አንሥቶ አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አዙሮ አስቀመጠልኝ። እንግዳ ሲሄድ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ጎንበስ ሳይል እንዲያጠልቅ፣ ቶሎ መንገዱን እንዲይዝ። ሲያዞራቸው ፊቱን ከእኔ ሸሸገ።

እኔ ጀልባ ያመልጠኛል ብዬ አንድ ሰዓት ቀድሜ ወደብ የምቆም ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ ነበርኩ። ሳህኑን አስቀመጥኩ። በካልሲዬ ወርጄ ከአጠገቡ ቆምኩና፣ ቦቲዎቹን አንድ በአንድ አንሥቼ አፍንጫቸውን ወደ ቤቱ መለስኳቸው።

«ጀልባው...» አለ።

«ይሂድ፣ ዩንሲክ።»

ዳሶል ስትደውል ምን እንደምላት አላውቅም። ነገ እትዬ ማልሱን በገበታው ላይ ምን እንደምታወራ ግን በደንብ አውቃለሁ። ወደ በረንዳው ተመለስኩና ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጥኩ። የጀልባው ሞተር ከግንቡ ባሻገር እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። አንድ ነገር ጥሎኝ ሲሄድ ሰምቼ ሳላለቅስ ስቀር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።